በግንባታ ሥራ የትኛው ከተማ ቀድሟል? የደሴንና የኮምቦልቻን ልዩነት ለመለካት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ከ600 ሜትር ይበልጣል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በተዳፋት መሬት ተሠርታለች። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ቦርከና በሚያልፍበት ሸለቆ ተዘርግታለች፤ ፋብሪካዎቹ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና የአውሮፕላን ማረፊያው ያሉት እዚያ ነው። ደሴ ላይ በብዛት የሚሠራው የመኖሪያና የንግድ ቤት ነው። «አዲስ አሠራር የገባው የትኛው ከተማ ነው?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ተመራማሪው ሳያስብበት ባደረገው አንድ ምርጫ ነው፦ የሚቆጥረው ድርጅት ነው ወይስ ሳይት (ግንባታው ያለበት ቦታ)? ከዚያ እንጀምር።

1. የምትለኩትን ነገር ወስኑ

የአንድ ተቋራጭ ፈቃድ ደሴ ወጥቶ ሥራው ኮምቦልቻ ሊሆን ይችላል። የአዲስ አበባ ተቋራጭ ደሴ ፒያሳ ላይ ፎቅ ይሠራል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ የሠራው የቻይናው ሲቪል ኢንጂነሪንግ ኮንስትራክሽን ኮርፖሬሽን ነበር፤ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያን የባቡር መስመር ውል የወሰደው የቱርኩ ያፒ መርከዚ ነው። በድርጅት አድራሻ ከቆጠራችሁ ከፓርኩና ከባቡሩ ሥራ አንዱም ለኮምቦልቻ አይመዘገብም። በሳይት ከቆጠራችሁ ሁለቱም ይመዘገባሉ። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት ሠንጠረዥ ክፈቱ፤ አንዱ የድርጅት፣ ሌላው የሳይት። በሳይቱ ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ረድፍ አራት አድራሻ ይያዝ፦ ሳይቱ ያለበት ከተማ፣ የተቋራጩ ዋና ቢሮ፣ የአማካሪው ቢሮ፣ እንዲሁም የፎርማኑና የሠራተኛው ቡድን መኖሪያ። የሚረሳው ይህ አራተኛው ነው። ግንበኛውና ፌሮ ሠሪው ጠዋት በሚኒባስ ወርዶ ማታ ደሴ የሚገባ ከሆነ፣ ኮምቦልቻ ላይ ያያችሁት እውቀት ደሴም ውስጥ አለ ማለት ነው።

ሁለቱ ሠንጠረዦች ሲለያዩ አትደንግጡ። የኮምቦልቻ ሳይቶች ከፍ ብለው የኮምቦልቻ ድርጅቶች ዝቅ ካሉ፣ አዲሱ አሠራር ከውጭ ተቋራጭ ጋር ገብቶ አብሮት እየወጣ ነው፤ የከተማው ሰው አልያዘውም። ከጠቅላላ ጥናቱ ይህን ያህል ለሥልጠናና ለጨረታ ፖሊሲ የሚጠቅም ግኝት ላይገኝ ይችላል።

2. «አዲስ» የሚባለው ምን እንደሆነ ቁረጡ

መለኪያውን ከኦስሎ ማንዋል ውሰዱ፤ ፈጠራን ለመለካት ኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) እና ዩሮስታት (የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ ቢሮ) በጋራ የሚያወጡት መመሪያ ሲሆን አራተኛው እትም በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። እንደ ማንዋሉ አንድ ነገር አዲስ የሚባለው ድርጅቱ ከዚህ በፊት ከነበረው ምርት ወይም አሠራር ጉልህ ልዩነት ካለውና ለተጠቃሚ ከቀረበ ወይም በሥራ ላይ ከዋለ ነው። በዓለም የመጀመሪያው መሆን አይጠበቅበትም፤ ለድርጅቱ አዲስ መሆኑ ይበቃል። ደረጃውን ግን መዝግቡ፦ ለድርጅቱ ብቻ አዲስ፣ ለከተማው አዲስ፣ ለአገሩ አዲስ።

በግንባታ ላይ የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ። እያንዳንዱ ሕንፃ ከሌላው ይለያል፤ አዲስ ቅርጽ ያለው ፎቅ መሥራት ብቻውን አዲስ ምርት አይደለም። አሮጌ ሚክሰር በዚያው ዓይነት ሚክሰር መተካትም አይቆጠርም። በወረቀት ያለ፣ በጨረታ ሰነድ የተጻፈ ነገር ግን ያልተሠራበት ዘዴም አይቆጠርም።

የምትጠይቁበት ጊዜ ሦስት የበጀት ዓመት ይሁን፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። እዚህ ላይ የአካባቢው ታሪክ ይገባል። በ2014 መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ሁለቱም ከተሞች ደርሷል። ያን ዓመት መነሻ ካደረጋችሁት ማንኛውም ሥራ እድገት ይመስላል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ስትጠይቁም የተዘረፈ ወይም የተጎዳ መሣሪያ መተካትን በሌላ ኮድ ያዙ፤ የተተካው የተሻለ አቅም ያለው ከሆነ ብቻ ወደ አዲስ አሠራር ይገባል።

3. የስም ዝርዝሩን ከሦስት ቦታ ሰብስቡ

አንድ ዝርዝር አይበቃም። የመጀመሪያው የየከተማው የግንባታ ፈቃድ መዝገብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 624/2001 መሠረት ሕንፃዎች በምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ተከፍለው ስለሚገኙ የመጀመሪያ ክፍፍላችሁን ከዚያ ውሰዱ፤ በዚያ አዋጅ ምድብ ሐ የሕዝብ አገልግሎት ሕንፃን፣ ፋብሪካንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ይይዛል። ፈቃድ ማለት ግን ግንባታ ማለት አይደለም። ከፈቃዶቹ የተወሰኑት መሬት አልተነካባቸውም፤ የተወሰኑት ከተጠናቀቁ ቆይተዋል። በስልክ ወይም በአካል «በሥራ ላይ» የሚለውን አጣሩ።

ሁለተኛው የንግድ ፈቃድ መዝገብ ነው፤ ጠቅላላ፣ የሕንፃና የመንገድ ተቋራጮች በየደረጃቸው፣ ከእነሱም ጋር ብሎኬትና ፕሪካስት (ቀድሞ ተሞልቶ የሚመጣ የአርማታ ክፍል) አምራቾች፣ የአሉሚኒየምና የብረታ ብረት ቤቶች፣ አማካሪዎች። አምራቾቹን አትተዉ። በእኛ አገር ግንባታ አዲሱ ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተቋራጩ ሳይሆን ዕቃ ከሚያቀርበው ነው።

ሦስተኛው ዝርዝር የሚሠራው በእግር ነው። ባለቤቱ ዕቃ ገዝቶ፣ ግንበኛ በእጅ ዋጋ ተነጋግሮ የሚሠራው ቤት በተቋራጮች መዝገብ የለም፤ ነገር ግን በቁጥር ብዙውን የሚይዘው እሱ ነው። የከተማውን የሳተላይት ምስል በእኩል አራት ማዕዘን ክፈሉ፣ ለምሳሌ በ250 ሜትር፤ በዕጣ የተወሰኑትን ምረጡ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ መሠረት ከወጣለት እስከ ጣሪያው ያልተጠናቀቀ ያለውን ሁሉ ቁጠሩ። ደሴ ላይ ሆጤንና ሰኞ ገበያን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ዳር ዳሩ ላይ ገደላማው መሬት ላይ የሚሠራው ቤት የተለየ ነው። ኮምቦልቻ ላይም የፓርኩን ዙሪያ ብቻ ሳይሆን በርበሬ ወንዝ ድረስ ሂዱ።

4. ናሙና

ትልልቆቹን፣ ማለትም ምድብ ሐ ሳይቶችንና ከፍተኛ ደረጃ ያላቸውን ተቋራጮች፣ ሁሉንም ጠይቁ። ጥቂት ስለሆኑ አንዱ ቢጎድል ውጤቱን ይቀይረዋል። ለቀሩት በየከተማው ለየብቻ አስሉ። በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ10 መቶኛ ነጥብ ስህተት መነሻው የናሙና ብዛት 96 ነው። ዝርዝሩ ትንሽ ከሆነ ይቀንሳል፦ 96 ን ለ (1 + 95 ÷ ጠቅላላ ብዛት) አካፍሉ። ለምሳሌ ያህል ደሴ ላይ 140 ድርጅት ካለ 58 ይወጣል፤ ኮምቦልቻ ላይ 60 ካለ 38። ፈቃደኛ የማይሆን ስለማይጠፋ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጨምሩ። በጎደለው ምትክ በአቅራቢያ ያገኛችሁትን ሳይት አትተኩ፤ ተጠባባቂዎቹንም ከመጀመሪያው በዕጣ አውጡ።

5. ሁለቱ ቅጾች

የድርጅት መጠይቅ። ከ45 ደቂቃ አይብለጥ። የሚመልሰው ባለቤቱ ወይም የቴክኒክ ኃላፊው ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛው አይደለም። ስለ ዘመናዊነት በጅምላ አትጠይቁ። ሥራ ሥራውን ለይታችሁ «ባለፉት ሦስት ዓመታት ከዚህ በፊት የማታደርጉትን ምን ጀመራችሁ?» በሉ፦ በአርማታ፣ በፎርምወርክ (የአርማታ ቅርጽ መያዣ)፣ በግድግዳና በማጠናቀቂያ፣ በንድፍና በቅየሳ፣ በዕቃ አቅርቦትና በማጓጓዝ፣ በሠራተኛ አስተዳደርና በክፍያ፣ በደንበኛ አያያዝ። ለእያንዳንዱ «አዎ» አምስት ተከታይ ጥያቄ አለ፦ መቼ ተጀመረ? በየትኛው ሳይት? ማን አመጣው (ራሳችሁ፣ ዕቃ አቅራቢ፣ አማካሪ፣ አሠሪ በውል አዞ፣ ከሌላ ድርጅት የመጣ ሠራተኛ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲና የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ)? አሁንም ትጠቀሙበታላችሁ? ከቆመ ለምን? የተተወውንና በጅምር ያለውንም ጻፉ፤ ያለ እነሱ የሙከራ ጥረት አይታይም።

ወጪን በብር አትጠይቁ። የብር ዋጋና የሲሚንቶ ዋጋ በየዓመቱ ስለሚለያይ ሁለት ዓመት ማወዳደር አይቻልም፤ በዚያ ላይ ተቋራጩ ግብር እየተጠየቀ ስለሚመስለው ይደብቃል። ከውሉ ዋጋ ስንት በመቶ፣ ከባለሙያው ስንት ቀን ብላችሁ ጠይቁ። የምርምር ክፍል ያለው ድርጅት እምብዛም ነው፤ የሙከራ ቅልቅል፣ የሶፍትዌር ሥልጠና፣ ፕሪካስት ቢም ለማየት ሌላ ከተማ የሄደ ፎርማን አበል፣ ሁሉም በፕሮጀክቱ ወጪ ውስጥ ተቀብሯል። አንድ በአንድ ካልጠራችሁት «ዜሮ» ይላችኋል።

የሳይት ቅጽ። የዚህ ሥራ ልብ ይሄ ነው፤ በወሬ ሳይሆን በዓይን የሚሞላ ስለሆነ። ለእያንዳንዱ አሠራር ከ0 እስከ 3 ስጡ፦ 0 የለም፣ 1 በሰነድ ወይም በአፍ ብቻ፣ 2 በከፊል ሲሠራበት ታይቷል፣ 3 በመደበኛነት ይሠራበታል፣ ማስረጃም አለ። የሚታዩት እነዚህ ናቸው።

የአርማታ ልኬት፦ በአካፋ ነው፣ በሳጥን፣ በሚዛን ወይስ ሬዲ ሚክስ (ተቀላቅሎ በመኪና የሚመጣ)? ሳጥን ካለ በሜትር ለኩት። 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 36 ሊትር ይይዛል፤ ከአንድ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይቀራረባል። ከዚህ የራቀ ሳጥን «በሳጥን ነው የምንለካው» ለሚለው መልስ ሦስት አያሰጥም።

የጥራት ምርመራ፦ 15 ሴንቲ ሜትር የኪዩብ ሻጋታ ሳይት ላይ መኖሩ አይበቃም። የ7 እና የ28 ቀን ውጤት ወረቀት ቀኑ ከሙሌቱ ቀን ጋር ይመሳከር። ሻጋታው ዝጎ ጥግ ላይ የተጣለ ከሆነ መልሱ ይታወቃል።

ፎርምወርክና ድጋፍ፦ ጣውላና ባህር ዛፍ፣ የብረት ፓነል፣ አሉሚኒየም፣ ከፍና ዝቅ የሚል የብረት ምሰሶ። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ጠይቁ፤ ልዩነቱን የሚያመጣው እሱ ነው።

ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል)፦ ሙሉ ሶሌታ ነው ወይስ በፕሪካስት ቢምና በብሎኬት የሚሠራ ሪብ ስላብ? ግድግዳ፦ በንዝረት ማሽን የተመረተ ብሎኬት፣ የተጨመቀ አፈር፣ ሳንድዊች ፓነል። ንድፍና ቅየሳ፦ ኢታብስና ሬቪት የሚባሉት የንድፍ ሶፍትዌሮች ቢሮ ውስጥ መኖራቸውን ሳይሆን ከእነሱ የወጣ ንድፍ ፎርማኑ እጅ መድረሱን እዩ፤ ቅየሳው በቶታል ስቴሽን (ኤሌክትሮኒክ የቅየሳ መሣሪያ) ነው ወይስ በውሃ ልክ ቱቦ? አስተዳደር፦ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የሥራ መርሐ ግብር ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ ነው?

ድጋፍ ግንብና የፍሳሽ አያያዝ ለብቻው ይታይ። ደሴ ላይ መሬቱ ስለሚንሸራተትና ስለሚሸረሸር ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ)፣ የአርማታ ድጋፍ ግንብና ከኋላው የውሃ መውጫ ግድ ነው። ሜዳ ላይ ያለ የኮምቦልቻ ሼድ ደግሞ ይህን አያስፈልገውም። ሁሉንም ሳይት በአንድ አካፋይ ካካፈላችሁ ደሴን ስለ ገደሏ ትሸልማላችሁ፤ ረጅም የብረት ጣሪያ ስትቆጥሩም ኮምቦልቻን ስለ ፋብሪካዋ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አሠራር «እዚህ ሳይት ላይ ሊሠራ ይችል ነበር?» የሚል አምድ ጨምሩ፤ አካፋዩ «አዎ» የተባለባቸው ሳይቶች ብቻ ይሁኑ። ይህን አምድ የዘለለ ጥናት መልክዓ ምድር ለክቶ ፈጠራ ለካሁ ይላል።

6. መስክ ላይ

ከኅዳር እስከ ጥር ውጡ። ክረምት ላይ ሳይት ይቀዘቅዛል፤ ከየካቲት ጀምሮ ደግሞ የወሎ በልግ ሊያቋርጣችሁ ይችላል። ሁለቱን ከተሞች በተለያየ ወቅት አትለኩ። ደሴን በጥር፣ ኮምቦልቻን በሚያዝያ ካያችሁ የምታነጻጽሩት የግንባታ ደረጃውን ነው፤ መሠረት ላይ ያለ ሳይት ሶሌታውን ሊያሳያችሁ አይችልም። ለዚህም ሲባል የግንባታውን ደረጃ (መሠረት፣ ኮለንና ቢም፣ ሶሌታ፣ ግድግዳ፣ ማጠናቀቂያ) መዝግባችሁ ገና ያልተደረሰበትን አሠራር «አይመለከተውም» በሉት፤ ዜሮ አትስጡት።

ከዋናው ሥራ በፊት ከናሙናው ውጪ በሆኑ አሥር ሳይቶች ሙከራ አድርጉ። ሁለት መዝጋቢዎች በአንድ ጊዜ ገብተው ሳይነጋገሩ ይሙሉ፤ ከዚያ የመስማማታቸውን መጠን በኮኸን ካፓ (በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት ቀንሶ የሚለካ ቁጥር) አስሉ። ከ0.6 በታች የወጣ ጥያቄ መግለጫው ድፍን ነው፤ በፎቶ ምሳሌ አብራሩት ወይም አውጡት። ከ90 በመቶ በላይ ሳይቶች አንድ ዓይነት መልስ የሰጡበትም ከንጽጽሩ ይውጣ። ቪብሬተር (የአርማታ ማጠጋጊያ) አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ሁሉም «አለ» ካለ ከተማ ከከተማ አይለይም።

መዝጋቢዎቹን በከተማ አትክፈሏቸው። የደሴው ቡድን ደሴን፣ የኮምቦልቻው ኮምቦልቻን ከመዘገበ የመዝጋቢው ጠባይ የከተማው ልዩነት ሆኖ ይወጣል። በየሳምንቱ ይቀያየሩ። ቅጹን በኮቦ ቱልቦክስ (በስልክ የሚሞላ የመረጃ መሰብሰቢያ) በአማርኛ ጫኑት፤ ኔትወርክ ባይኖርም ይሞላል፣ የቦታውን መጋጠሚያም ይይዛል።

ሳይት ስትገቡ ሥራ አታስቁሙ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ሥራውን ያቅናላችሁ» ብላችሁ የከተማውን ደብዳቤ አሳዩ፤ በዕድሜ የገፋ ፎርማን ከሆነ ጋሼ ማለት ከማንኛውም መታወቂያ ይበልጣል። ወሎ ላይ እንግዳ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ስለዚህ «አብሽር ልጄ፣ ሁሉንም እንጠቀማለን» የሚል መልስ ይበዛል። ቅንነት እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ካላያችሁት ነጥቡ 1 ነው።

7. ስሌቱ

መጀመሪያ ክብደት ስጡ። በየክፍሉ ያለውን ጠቅላላ ብዛት ለተጠየቀው ብዛት አካፍሉ፤ ሁሉም የተጠየቁት ትልልቆቹ ክብደታቸው 1 ነው። ያለ ክብደት የወጣ አማካይ የሚያሳየው ትልልቆቹን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የልዩነቱን ስህተት፣ ማለትም በናሙናው ዕጣ ምክንያት ሊዛባ የሚችልበትን ወሰን፣ አስሉ። ለምሳሌ ያህል በላይኛው ናሙና ደሴ ላይ 40 በመቶ፣ ኮምቦልቻ ላይ 60 በመቶ ድርጅት አዲስ አሠራር አስገብቷል እንበል። ልዩነቱ 20 ነጥብ ነው። በተለመደው ቀመር ስህተቱም 20 ነጥብ ገደማ ስለሚሆን ምንም ለማለት አያስደፍርም። ነገር ግን ከ140 ውስጥ 58፣ ከ60 ውስጥ 38 ስለጠየቃችሁ ከትንሽ ጠቅላላ ብዛት ትልቅ ድርሻ ሲጠየቅ የሚደረገው ማስተካከያ ይገባል፤ ያኔ ስህተቱ ወደ 14 ነጥብ ይወርዳል፣ ልዩነቱም ይቆማል። የትንንሽ ከተሞች ጥናት ብዙ ጊዜ በዚህ ቦታ አለአግባብ ይወድቃል።

የሳይቱ ሠንጠረዥ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የአንድ ተቋራጭ ሦስት ሳይቶች ሦስት የተለያዩ ማስረጃዎች አይደሉም። በተቋራጭ በአማካይ 3 ሳይት ካለና የአንድ ተቋራጭ ሳይቶች እርስ በርስ መመሳሰል (1 ሲሆን ፍጹም አንድ ናቸው) 0.4 ከሆነ ስሌቱ 1 + (3 − 1) × 0.4 = 1.8 ነው፤ 90 ሳይት ለ1.8 ተካፍሎ እንደ 50 ይቆጠራል።

ከዚያ የሚመጣው ዋናው ጥያቄ ነው፦ ልዩነቱ የአሠራር ነው ወይስ የስብጥር? ትልልቅ ድርጅቶች በሁለቱም ከተማ 70 በመቶ፣ ትንንሾቹ 30 በመቶ አዲስ አሠራር ይጠቀሙ እንበል። ደሴ ላይ ትልልቆቹ 20 በመቶ፣ ኮምቦልቻ ላይ 50 በመቶ ቢሆኑ፣ ደሴ 38፣ ኮምቦልቻ 50 ትወጣለች። የ12 ነጥብ ልዩነት ታየ፤ ሆኖም በእኩያሞች መካከል አንድም ልዩነት የለም። ለማጥራት ለሁለቱም ከተማ አንድ የጋራ ስብጥር (የሁለቱን ድምር) ተጠቅማችሁ መቶኛውን እንደገና አስሉ። በሕንፃ ምድብ፣ በአሠሪ ዓይነት (መንግሥት፣ ግል፣ የውጭ ባለሀብት) እና በድርጅት መጠን ለየብቻ አድርጉት። ሲስተካከል የሚጠፋው ልዩነት የገበያው ነው፤ የሚቀረው የከተማው ነው።

የተጠቃለለ ኢንዴክስ ካስፈለገ የየአሠራሩን ነጥብ ለ3 አካፍላችሁ በእኩል ክብደት አማካይ ውሰዱ። ከዚያ አንድ አንድ አሠራር እያወጣችሁ ደግማችሁ አስሉ። አንዱ ሲወጣ የከተሞቹ ደረጃ ከተገለበጠ ኢንዴክሱን ጣሉትና አሠራሮቹን በየራሳቸው አሳዩ። እኛ ኢንዴክስ ብዙም አንወድም፤ ከተማ አስተዳደሮች ግን አንድ ቁጥር መፈለጋቸው አይቀርም።

8. ሲታተም

ሁለቱን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን፣ ያልተስተካከለውንና የተስተካከለውን አብራችሁ አውጡ። ከእያንዳንዱ መቶኛ አጠገብ የስህተቱ ወሰንና ስንት ሳይት ላይ እንደተመሠረተ ይጻፍ። ኮምቦልቻ ላይ ትልልቅ ሥራ የያዙት ጥቂት ስለሆኑ ከአምስት በታች ድርጅት ያለበትን ሕዋስ ከአጠገቡ ጋር ቀላቅሉት፤ ስም ባይጻፍም ማን እንደሆነ በደሴ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ፎቶዎቹን የሳይት ታፔላና የሰው ፊት ሸፍናችሁ አስቀምጡ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚደግመው ቡድን ነጥብ አሰጣጡን የሚማረው ከእነሱ ስለሆነ ከኮድ መዝገቡ ጋር አብረው ይቀመጡ።